ባለ ቃጭሉ ሰብሳቢ

በአገራችን ሦስት ሰዎች በቆሙበት ሁሉ አንደኛው ሰብሳቢ ነው። የቀሩት ሁለቱ አባል መሆናቸውን ገና አልሰሙም እንጂ ጉባኤው ተጀምሯል። እናንተም ታውቁታላችሁ። በሠፈራችሁ አለ፤ በመሥሪያ ቤታችሁ አለ፤ ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ጥግ ወንበር ይዞ አለ። ቤት ሲቃጠል ሰው ውኃ ሊቀዳ ሲሮጥ እጁን ይዞ፣ «እስቲ ቁጭ ብለን እንነጋገርበት» የሚለው እሱ ነው።

እኔ ብዙ ሰብሳቢ አይቻለሁ። ከኮሌጅ ወጥቼ ለአስተማሪነት ሐረር ከተላክሁ ወዲህ የዕድሜዬን እኩሌታ በስብሰባ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል። ለክቡርነታቸው ለጋሽ ተክለጻድቅ የሚደርስ ግን አልገጠመኝም።

ጋሽ ተክለጻድቅ አያታቸው ከሸዋ መጥተው ሐረር የቀሩ፣ እሳቸውም ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሹምነት ያልወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ከኮታቸው ኪስ ደግሞ ቃጭል አትጠፋም። ከጊደር መጋላ ገበያ የገዟት ትንሽ የበቅሎ ቃጭል ነች። መንገድ ላይ ሲመጡ ገና ሳይታዩ ትሰማለች፤ የሰማ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ መንገድ ይቀይራል። ያልሰማው አባል ይሆናል።

ጉባኤ ከመክፈታቸው በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ከወንበራቸው ብድግ ይሉና፣ ዓይናቸውን በየሰዉ ላይ አዙረው፣ «ማን ቀረ?» ይላሉ። የቀረ ሰው ካለ እስኪጠራ ስብሰባው አይከፈትም። አንድ ጊዜማ የዕድሩ ዳኛ የት ቀሩ ብለው ጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እሳቸው እኮ ጥቅምት ላይ አረፉ» ቢባሉ፣ ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ወኪል አልላኩም?» አሉ ይባላል። ይህን እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። የጎረቤታቸው የወይዘሮ በለጡ ቧንቧ ፈነዳ። ጋሽ ተክለጻድቅ የሠፈሩን ሰው ሰበሰቡ። ቧንቧ ጠጋኝ በአጋጣሚ በዚያ ሲያልፍ አይቶ ሊጠግን ጎንበስ ቢል፣ «ቆይ ወንድሜ፣ ገና አልተወሰነም» ብለው አስነሡት። ጸሐፊ ተመርጦ እስኪያልቅ ውኃው ከወንበራችን እግር ደርሶ ነበር። ወይዘሮ በለጡ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ «ተክለጻድቅ፣ እኔ እየሰመጥኩ ነው!» ቢሉ፣ «ወይዘሮ በለጡ፣ እጅዎን አውጥተው ይናገሩ» አሏቸው።

ሌላ ቀን ደግሞ ጊደር መጋላ ውስጥ ሁለት ሰዎች ያንዱ አህያ የሌላውን ማሽላ በላች ተባብለው አንገት ለአንገት ተናነቁ። ጋሽ ተክለጻድቅ መሐል ገብተው ቃጭሏን አቃጨሉና ሁለቱንም የአህያና የእህል ጉዳይ አጣሪ ኮሚቴ አባል አደረጓቸው። ሰዎቹ ተያዩ። ወዲያው ተቃቀፉና አብረው ሸሹ። ጋሽ ተክለጻድቅ እየሳቁ፣ «አያችሁ? ቁጭ ከማለታቸው በፊት ተስማሙ!» አሉ።

እንግዲህ ሐረር በሙሉ እኚህን ሰው ይወድ ነበር፤ ከሩቅ።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ከአንድ ኩባያ ወተት ነው።

የጋሽ ተክለጻድቅ ቤት ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር አጠገብ ነበር። በየጠዋቱ ኸዲጃ የምትባል ሴት ከድሬ ጠያራ መንደር ወተቷን ተሸክማ፣ ልጇን ሙናን አዝላ፣ በዚያ በር ስትገባ መጀመሪያ የምታንኳኳው የሳቸውን ግቢ ነው። ጋሽ ተክለጻድቅ ትኩስ ወተታቸውን በረንዳ ላይ ቆመው መጠጣት ይወዱ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት በግቢያቸው ቤት ተከራይታ የምትኖረው ነርሷ ሰገነት ወደ ሥራ ስትወጣ ሙናን አየችና ቆመች። ልጅቷ ጡት ከተወች ከርማለች፤ ፀጉሯ ቀላ ብሏል፤ ሆዷ ተነፍቶ እግሯ አብጧል። አታለቅስም፤ አትስቅም። ሰገነት አውራ ጣቷን በልጅቷ እግር ላይ ጫን አድርጋ አነሣች።

«ያዩታል ጋሼ? ጉድጓዱ አልሞላም።»

«ምን መድኃኒት ይሻላታል?»

«መድኃኒትማ አይደለም፤ ምግብ ነው ያጣችው። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ወተት።»

«ወተትማ...» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ፤ እጃቸው ላይ ያለውን ኩባያ አዩ።

ኸዲጃ አንገቷን ደፋች። «ጋሼ፣ ወተቱን ካልሸጥኩ እህሉን በምን ልግዛ? እህሉ ከሌለ የቀሩትም ልጆች አሉ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ኩባያውን ለልጅቷ ይሰጣል። ባለቤታቸው እትዬ ለተማርያም ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ ከባላቸው እጅ ነጥቀው። ሙና ግን ፊቷን አዞረች። ሰገነት ይህን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። «ችግሩ ይኼ ነው፤ ልጆች እንዲህ ሲሆኑ የምግብ ፍላጎታቸው ይዘጋል። መብላት ከጀመረች ትድናለች። ካልጀመረች...» አለችና አልጨረሰችውም።

ጋሽ ተክለጻድቅ ባርኔጣቸውን ደፉ።

«ወዴት ነው እርስዎ ሰውዬ?» አሉ እትዬ ለተማርያም።

«ሰው ልጠራ።»

«ልጅቷ እዚህ እያለች?»

«ለተማርያም፣ ዛሬ ለሙና ሰጠን እንበል። ነገስ? ድሬ ጠያራ ውስጥ ያሉት ሌሎቹስ? ስንቷ ናት ወተቱን ለኛ ሸጣ ለልጇ ውኃ የመሰለ የማሽላ አጥሚት የምትሰጠው? ይኼ ያንድ ኩባያ ነገር አይደለም። የአገር ነገር ነው! እስቲ ቁጭ ብለን እንነጋገርበት።»

ያን ቀን በመንገድ ላይ ቃጭሏን ሰምቼ ለመሸሽ ዘገየሁ። በማግስቱ የሐረርና የአካባቢው ሕፃናት ምግብ ማሻሻያ የጋራ ጉባኤ የትምህርት ክፍል ተጠሪ ሆኜ አደርኩ።

ጉባኤው በጋሽ ተክለጻድቅ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሰገነት ከጤና፣ እኔ ከትምህርት፣ አቶ ከበደ የሚባል ላንድሮቨሩን እንደ ልጁ የሚወድ ባለሙያ ከእርሻ፣ መምሬ አባይነህ ከቤተ ክርስቲያን፣ የጊደር መጋላው እህል ነጋዴ ሐጂ ሙሜ ደግሞ ከንግዱም ከመስጊዱም ወገን ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ነገር ዛሬ ቅንጅታዊ አሠራር ይባላል፤ አዳራሽም አበልም አለው። ያን ጊዜ ስም አልነበረውም። ጋሽ ተክለጻድቅ ብቻ ነበሩት።

በመጀመሪያው ስብሰባ አቶ ከበደ፣ «ልጅ ከታመመ የጤና ሥራ ነው» አለ። ሰገነት፣ «ምግብ ከሌለ የእርሻ ሥራ ነው» አለች። ሁለቱም ዞረው፣ «እናቶች ካላወቁ የትምህርት ነው» አሉኝ። እኔ ሐጂ ሙሜን አየሁ። ሐጂ ሙሜ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ወላሂ እኔ እህል እሸጣለሁ እንጂ ረሀብ አልሸጥም» አሉ። ጋሽ ተክለጻድቅ ፊታቸው በደስታ በራ። «ግሩም ነው! የማንም ካልሆነ የሁላችንም ነው ማለት ነው» ብለው ቃጭሏን አቃጨሉ።

ከዚያ ምን ይብሉ የሚለው ጉዳይ መጣ። አቶ ከበደ፣ «ሥጋ» አለ። መምሬ አባይነህና ሐጂ ሙሜ ተያይተው ፈገግ አሉ። «በማን ቢላዋ የታረደ?» አሉ ሐጂ ሙሜ በትሕትና። በዚህ ጥያቄ ገናና ጥምቀት አለፉ። በመጨረሻ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ የተስማማበት የመጀመሪያ ጉዳይ ሥጋ አለመብላት ሆነ።

የተረፈው ገንፎ ነበር። የሐጂ ሙሜ ማሽላና ኦቾሎኒ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በኸዲጃ ወተት ተገንፍቶ፣ እንቁላል ገብቶበት። እትዬ ለተማርያም ሠሩት። ጉባኤው ሊፈትነው ቀመሰ። ጣፈጠ። «ኦቾሎኒው በዛ መሰለኝ» ብሎ አቶ ከበደ ደገመ። «ኧረ አነሰ» ብለው ሐጂ ሙሜ ሰለሱ። በሚቀጥለው ስብሰባም ተፈተነ፤ በሚቀጥለውም። እኔ በበኩሌ ለትምህርቱ ክፍል በቂ ማስረጃ እስካገኝ ድረስ አልተውኩም። እትዬ ለተማርያም ባዶውን ድስት ሲያነሡ፣ «እግዜር ይስጣችሁ፤ የድሬ ጠያራ ልጆች እንኳ ባይወፍሩ እናንተ አምሮባችኋል» አሉን።

ሙና ግን አላማረባትም። እትዬ ለተማርያም ማንንም ሳይሰበስቡ በየጠዋቱ በጠብታም ቢሆን ወተት ያስቀምሷት ነበር። አንድ ቀን ትጎነጫለች፤ ሦስት ቀን ፊቷን ታዞራለች። ጋሽ ተክለጻድቅ ወተታቸውን መጠጣት ትተዋል። ልጅቷ በበሩ ስትገባ በመስኮት አጮልቀው እግሯን ያያሉ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አጥልቀው የቀረ ሰው ሊጠሩ ይወጣሉ። ሰው ሲበዛ፣ ጉባኤው ሲሞላ፣ ለልጅቷ አንድ መላ የሚገኝላት ይመስላቸው ነበር።

በጥር ታላቁ የማሳያ ቀን ተወሰነ። ገንፎው በሕዝብ ፊት ይሠራል፣ ይቀመሳል፣ የቀመሰው ሁሉ በየሠፈሩና በየመንደሩ ያስፋፋዋል። ቀኑ ግን ለማን ይመች? አቶ ከበደ ለሥራ ወጣ ይላል። እኔ ፈተና አለብኝ። ሰገነት ክትባት አላት። ለሁሉም የሚመች አንድ ቀን ተገኘ፤ መጋቢት እንደገባ ያለው ሐሙስ።

«ይመቻችኋል?» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ።

እንግዲህ ልብ በሉ። መምሬ አባይነህ በልባቸው፣ ያን ጊዜ ሁዳዴ ገብቷል፤ ወተትና እንቁላል ያለበትን አንቀምስም፤ ግን ሙስሊሞቹ አሉ፤ በኛ ጾም የነሱን ሥራ ማስተጓጎል ነውር ነው አሉ። በአፋቸው፣ «ይመቸናል» አሉ። ሐጂ ሙሜ በልባቸው፣ ያን ሰሞን ረመዷን መግባቱ አይቀርም፤ ግን ክርስቲያኖቹ ይቀምሳሉ፤ ለኛ ተብሎ ቀን ቀይሩ አይባልም አሉ። በአፋቸው፣ «ይመቸናል፣ ኢንሻ አላህ» አሉ። ጋሽ ተክለጻድቅም ሁዳዴን ያውቃሉ፤ እንደ መምሬ አስበው ዝም አሉ። ቃጭሏ ተቃጨለች። ከይሉኝታ ብዛት እንዲህ በአንድ ልብ የተሳሳተ ጉባኤ ከሐረር በቀር የት ይገኛል?

ሐሙስ ደረሰ። ሁዳዴ ሰኞ ገብቷል። ጨረቃ ማክሰኞ ማታ ታይታ ረመዷን ረቡዕ ገብቷል። ጋሽ ተክለጻድቅ ግን ከሰኞ ጀምሮ ወንበር ሲለምኑና ኩባያ ሲያሰባስቡ ጨረቃ የሚያዩበት ጊዜ አልነበራቸውም። ግቢው ጢም አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ባንድ ወገን፣ የመስጊዱ ሽማግሌዎች ባንድ ወገን፣ የመጋላ ነጋዴዎች፣ አስተማሪዎች፣ የእርሻ ሰዎች ተሰብስበዋል። ከድስቱ የሚወጣው የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ የጀጎልን ግንብ ዞሮ የሚመለስ ይመስል ነበር።

ጋሽ ተክለጻድቅ የመጀመሪያውን ኩባያ ለመምሬ አባይነህ በሁለት እጃቸው አቀረቡ።

«ይባርኩልን፤ ይቅመሱልን።»

«መባረኩን እባርካለሁ። ለመቅመስ ግን ሁዳዴ ነው ልጄ። ለሐጂ ይስጧቸው።»

ኩባያው ወደ ሐጂ ሙሜ ዞረ። ሐጂ ሙሜ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አቶ ተክለጻድቅ፣ ረመዷን ትናንት ገባ እኮ።»

«ገባ?»

«ገባ። እኔ መምሬ ይቀምሱልናል ብዬ...»

«እኔም እርስዎን ብዬ!» አሉ መምሬ።

ግቢው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ተክለጻድቅ ኩባያውን ይዘው ወደ አቶ ከበደ ዞሩ። ዓርብ ዓርብ ክትፎ ሲበላ የምናውቀው አቶ ከበደ መምሬን በዓይኑ ጠቀሰና፣ «ጿሚ ነኝ» አለ። እኔም ከሱ አልሻልም።

«ልድፋው እንግዲህ?» አሉ እትዬ ለተማርያም ከጓዳ።

ጋሽ ተክለጻድቅ መሐል ግቢ ላይ ቀሩ። የተጠራ ሁሉ መጥቷል፤ ድስቱ ሞልቷል፤ የሚበላ አንድ ሰው የለም። እጃቸው ከልማዱ ኪሳቸው ገባና ቃጭሏን ያዘ። አፋቸውም ከልማዱ፣ «ማን ቀረ?» አለ።

ወንበሮቹን አዩ። ሞልተዋል። ከዚያ በሩን አዩ። ኸዲጃ የወተት ዕቃዋን ልትወስድ መጥታ፣ በዚያ ሁሉ ሰው አፍራ፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሙና ከጀርባዋ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ታያለች። ከታኅሣሥ ጀምሮ በዚያች ልጅ ምግብ ላይ ስንቱን ሰብስበው ተነጋግረዋል፤ ለእሷ ግን አንድ ቀን ወንበር አልቀረበላትም።

ቃጭሏን አወጡ፤ ግን አላቃጨሏትም። «ሙና ቀረች» አሉ ቀስ ብለው። «ልጆቹ ቀሩ እኮ! ሁሉን ጠርተን ልጆቹን አልጠራንም!»

ሙናን የሰብሳቢው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ኸዲጃ ማንኪያውን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «ኛዱ፣ ሙና፣ ኛዱ» አለቻት፤ ብዪ ማለቷ ነው። ሙና ፊቷን አዞረች። እንደገና ቢሰጧት እንደገና አዞረች። ሰገነት፣ «አታስገድዷት» አለች። ጋሽ ተክለጻድቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው በደረታቸው ያዙ። መላጣ መሆናቸውን ያን ቀን አወቅን።

ሐጂ ሙሜ ሳይታወቃቸው ጠጋ አሉ። ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብለው፣ ያን በጾም የደረቀ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው፣ «አ—ም!» አሉ። መምሬ አባይነህም ከነጢማቸው አፋቸውን ከፈቱ። አቶ ከበደ ከፈተ፤ እኔም ከፈትኩ። የመጋላው ነጋዴ፣ የመስጊዱ ሽማግሌ፣ ዲያቆኑ፣ አስተማሪው፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰው ግቢ በሙሉ፣ በአንዲት ማንኪያ ዙሪያ አፉን ከፍቶ ቆመ። ሙና ይህን ሁሉ አፍ አንድ በአንድ አየች። በሐጂ ሙሜ ላይ ቆየች። ከዚያ የሳቸውን አስመስላ የራሷን ከፈተች።

ዋጠች። ግቢው በሙሉ ምራቁን አብሮ ዋጠ። «አስተግፊሩላህ!» አሉ ሐጂ ሙሜ ጾማቸውን የገደፉ መስሏቸው ደንግጠው፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሙና ሁለተኛውን ማንኪያ ተቀበለች። ወዲያው ማንኪያውን ከእናቷ እጅ ለመንጠቅ ታገለች። ኸዲጃ፣ «አልሐምዱ ሊላህ» እያለች በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ያን ቀን ወተት ሻጮቹ ሁሉ ልጆቻቸውን እያመጡ ድስቱ ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያለ ቃጭልና ያለ ድምፅ ብልጫ ነው የተስማማነው። ሐጂ ሙሜ፣ «እኛ እስክንፈስክ ድስቱ ከኛ እጅ ነፃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ልጆቹ ይብሉ» አሉ። ማሽላውንና ኦቾሎኒውን በየሳምንቱ ከመጋላ ላኩ። መምሬ አባይነህ በቅዳሴ ፍጻሜ፣ የመስጊዱ ሽማግሌዎች ከሶላት በኋላ፣ ሕፃን ጾም እንደሌለበት ተናገሩ። እኔ የትምህርት ቤቱን ትልቅ ድስት አስመጣሁ። የእርሻው ላንድሮቨር፣ አቶ ከበደ እያለቀሰም ቢሆን፣ ነርስ ጭኖ ድሬ ጠያራ ሲወርድ ታየ፤ ሰገነት ለእናቶቹ የገንፎውን አሠራር በደጃቸው ታሳያለች፤ እሱ በጎን የባቄላ ዘር ያድላል። ኸዲጃና ጓደኞቿም ከየቀኑ ወተት የልጆቹን ሳያስቀሩ ወደ ከተማ ላይወጡ ተማማሉ። ኤረር በር አካባቢ ወተት ጎደለ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ጋሽ ተክለጻድቅ ወዲያው አባል አደረጓቸው፤ ዝም አሉ።

የረመዷን ፍቺ ደረሰ። ፈተናው ያኔ ነበር። ሐጂ ሙሜ በበዓሉ ማግስት አዲስ ለብሰው መጡ፣ ድስቱ አጠገብ ተቀመጡ፣ አሸተቱ። እትዬ ለተማርያም ጭልፋቸውን አጥብቀው ያዙ። ሐጂ ሙሜ ግን፣ «እኔ ከቤቴ ጠግቤ ነው የመጣሁት» ብለው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ። ፋሲካም መጣ፤ መምሬም እንዲሁ አሉ። ክርስቲያንና ሙስሊም እንዲህ በአንድ ቃል ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም።

የወደቁት ሰብሳቢው ብቻ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ማንም የማያያቸው መስሏቸው፣ «ለመቅመስ ያህል» ብለው ማንኪያ ወደ ድስቱ ሰደዱ። ሙና ያን ጊዜ የእግሯ እብጠት ጎድሎ፣ ቆማ፣ በረንዳውን እየያዘች መሄድ ጀምራለች። ከወንበራቸው ላይ የተረሳችውን ቃጭል ይዛ ትጫወት ነበር። ማንኪያውን አየች። ቃጭሏን አነሣችና አቃጨለች። እሳቸው እንደ ተያዘ ሌባ ባሉበት ደረቁ። ሙናም ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየናት ያኔ ነው፤ ጥርሷ ሁሉ እየታየ።

«ታዘዙ እንጂ ክቡር ሰብሳቢ!» አሉ እትዬ ለተማርያም።

ጋሽ ተክለጻድቅ ማንኪያውን አስቀመጡ። ቃጭሏንም ከዚያ በኋላ ሊወስዱባት አልሞከሩም። ልጆቹ ለገንፎ የሚጠሩት በእሷ ሆነ፤ የሠፈሩ ሰውም ቃጭል ሲሰማ መንገድ መቀየሩን ተወ።

ዛሬም፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አንዱ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ «እስቲ ቁጭ ብለን እንነጋገርበት» ሲል ስሰማ እግሬ ወደ በሩ ይሄዳል። በሩ ጋ ስደርስ ግን እቆማለሁ። ሰውዬው አሁን ከወንበሩ ብድግ ይልና፣ ዓይኑን በየሰዉ ላይ አዙሮ፣ «ማን ቀረ?» የሚል ይመስለኛል። ተመልሼ ወንበሬን እስባለሁ። ከተቀመጥኩም በኋላ ዓይኔ ከበሩ አይነሣም።